ሸማኔው የተባረረ ለት

በ1947 ዓ.ም. አሥር ዓመቴ ነበር።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የተቃጠለ ምንጣፍ ሽታ ነው። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሴንት ሉዊስ ፓርክ፣ ባለፈው ክረምት፣ የምንኖርበት ሕንፃ ኮሪደር ላይ አንዱ ሲጋራ ጥሎ ምንጣፉ ተቃጠለ። ማናጀሯ ሁላችንንም ሎቢ ሰብስባ ማን ነው አለች። ዓይን ሁሉ አዲስ የገባው ልጅ ላይ ሄደ። ልጁ ሻኮፒ ከተማ፣ መጋዘን ነው የሚሠራው፤ ያን ለት ምንጣፉ ሳይቃጠል፣ ገና በጠዋት ለሥራ ሲወጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ተናገርኩ። ሴት ልጄ እጅጌዬን እየጎተተች፣ "አባዬ፣ ተው በናትህ፣ ሊዛችንን ሪኒው አያደርጉልንም፣ ከቤቱ ያስወጡናል" ትለኛለች። አያድርጉ!

ለምን እንደተናደድኩ ልንገርህ።

የተወለድኩባት መንደር ሠላሳ ጭስ አትሞላም። ሰው ስለ ልጅነት መንደሩ ሲያወራ ሁሉ ደግ፣ ሁሉ ዘመድ ነበር ይላል። ውሸት! የታጨደ ጤፍ ሽታዋ፣ ጠዋት ከወንዙ የሚነሳው ጉም እስከ ዛሬ አይጠፋኝም። ግን ሰውም ትበላ ነበር።

የጭቃ ሹሙ የጤፍ ክምር ሌሊት ነደደ። አውጫጭኝ ተጠራ። አውጫጭኝ ማለት ወንዱ ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ቤቱ የሚሄድ የለም። ያየ ሰው ለሽማግሌዎቹ በጆሮ ይነግራል፤ እነሱም "ወፍ ነገረችን" ብለው ያወጡታል። እኔ ውሃ ላደርስ ሄጄ ከአባቴ ሥር ቀረሁ።

አንድ ቀን አለፈ፤ ሁለት ቀን አለፈ። ገብሱ ደርሶ ቆሟል፤ ሰማዩ ጠቁሯል።

"ወፏ ዛሬም አልተነሳችም?" ይላል አንዱ።

"ገብሴን ዝንጀሮ ጨረሰው እኮ!"

"ዝንጀሮውም ይምጣና ይማል!"

ሳቁ። በሦስተኛው ቀን ግን የሚስቅ ጠፋ። ከሰዓት በኋላ አንዱ ሽማግሌ ተነሣና፣ "ወፍ ነገረችን። ያቃጠለው ሸማኔው ነው" አለ።

ሸማኔው ሚስትና ልጆቹን ይዞ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ነበር። ርስት የለው፣ ወገን የለው፣ የሚቆምለት የለው። ክምሩ የነደደ ለት ደግሞ የአባቴን ጋቢ አድርሶ፣ ቤቱ ወንዙ ማዶ ነውና መሽቶበት እኛ ቤት ነው ያደረው። ከእኔ ጎን፣ መደቡ ላይ።

"አባባ፣ እኛ ቤት እኮ ነው ያደረው!" አልኩ።

አባቴ አፌን በመዳፉ ከደነው። እጁ ገለባ ገለባ ይሸት ነበር። "ዝም በል! ገብሱ እየረገፈ ነው" አለኝ በጆሮዬ።

ሸማኔው አልጮኸም፣ አልማለም። አባቴን ብቻ አየና፣ "ጌታዬ፣ እርስዎ ያውቃሉ" አለ።

አባቴ፣ ያ ሰው የሸመነለትን ጋቢ ተከናንቦ፣ ደመናውን ያያል! መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበር እኮ። እኛ ቤት መግባቱን ያላየ ጎረቤት አልነበረም። ሳይነጋ ከነቤተሰቡ አገር ይልቀቅ ተብሎ ተፈረደ፤ ሰው ማጭዱን ፍለጋ ሮጠ። ክምሩን ማን እንዳቃጠለው ከዚያ ወዲያ የጠየቀ የለም። ገብሱ ገባ፣ ተበላ። እኔም በላሁ።

ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ንዴቱ አልወጣልኝም። አባቴን እወደው ነበር፤ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

በእኛ ቤት ልጅ ሲነጋ የአባቱን ጉልበት ስሞ ነው የሚወጣው። በማግስቱ ጠዋት አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ ጋቢውን ከጉልበቱ ገለጥ አድርጎ ጠበቀኝ። አልፌው ሄድኩ። አልጠራኝም።

ሸማኔው ቤት ስደርስ በሩ ክፍት ነው፤ ምድጃው ገና ይሞቃል፤ ሰው የለም። መሸመኛውን ነቅሎ ወስዶታል። ሲሸምን እግሩን የሚከትባት ጉድጓድ ብቻ ቀርታለች። አፋፏ ላይ ተቀመጥኩና እግሬን ከተትኩ። ታች አልደረሰልኝም።