ወፍ ያልነገረው

ነጌሌን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ አቧራዋ ነው። ቀይ ነው፤ ነጭ ልብስ አይወድም። እናቴ ለበዓል አጥባ ያለበሰችን ቀሚስ ከደጅ ሳንርቅ ጡብ ይመስል ነበር። በሻኪሶ በኩል የጭነት መኪና ሲመጣ አቧራው ቀድሞ ይደርሳል፤ እኛ ልጆች አቧራውን አይተን የማን መኪና እንደሆነ እንወራረዳለን። ከላዩ የቦሬ ገብስ ይወርዳል፤ የደጋ ሽታ አለው። ግን ይኸው፣ ስለ አቧራ ልጽፍ አልነበረም የተነሳሁት። ስለ ጎረቤታችን ልጅ ነው።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ከሰሜን ከጦሩ ጋር መጥቶ፣ ጠመንጃውን አስረክቦ፣ በስፌት መኪና የቀረ ሰው ነው። በአንድ ሙስሊም ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ይሰፋል። ኦሮምኛውን እዚያው ከተወለድነው ከእኛ ይልቅ ያሳምረው ነበር። የሊበን ሰው ለገበያ ሲገባ መጀመሪያ አባቴን «አካም? ናጋ?» ሳይል ሱቁን አያልፍም። ሁለቱንም ቋንቋ ስለሚያውቅና ስለማያዳላ፣ ሽማግሌ ሲመረጥ እሱ አይቀርም።

ልጁ ወተት የምትሸጥ የአንዲት ባልቴት አንድ ልጅ ነበር። ከእኔ ቢበልጥ በአንድ ዓመት ነው። የሰፈሩን ላሞች ሰብስቦ በየሦስት ቀኑ ወደ ውሃ ይነዳል። ቁመቱ ያለ ዕድሜው የተመዘዘ ነው፤ እናቴ «ይሄ ልጅ የበላውን ሁሉ ወደ እግሩ ይልከዋል» ትለው ነበር። ይስቃል። የሳቁ ድምፅ ከላሞቹ ቃጭል ቀድሞ ይሰማል።

ውሃው ከጥልቅ ጉድጓድ ነው የሚወጣው። ወንዶች ከታች እስከ አፉ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ እየተቀባበሉ ያወጡታል። ያን ዘፈን ዛሬም ዓይኔን ስከድን እሰማዋለሁ። ታዲያ ወንዶቹ ከሌሉ ሴትና ልጅ ብቻውን አንዲት ላም አያጠጣም።

እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ የከተማችን ሹም በቅሎ ጠፋች። ልጁ በዚያ ቀን ከላሞቻችን ጋር አጠጥቶ ወደ ጋጣዋ መልሷት ነበር፤ ሲነጋ ግን የለችም። አውጫጭኝ ተጠራ። ያን ሥርዓት ለማያውቅ ልንገር፦ ሌባው እስኪታወቅ የአገሩ አባወራ ሁሉ ግራር ሥር ይሰበሰባል፤ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። የተመረጡት ሽማግሌዎች ፈቀቅ ብለው ይቀመጣሉ። አንድ በአንድ እየቀረቡ ያዩትን የሰሙትን ሹክ ይሏቸዋል። ሹክ ያለው ሰው «ወፍ» ይባላል፤ ማንነቱን ላያወጡ ሽማግሌዎቹ ይምላሉ። ሽማግሌው «ወፍ ነገረኝ» ካለ አለቀ።

አንድ ቀን አለፈ፣ ወፍ የለም። ሁለት ቀን። በሦስተኛው ቀን የውሃው ተራ ደረሰ። ወንዶቹ ሁሉ ግራሩ ሥር ናቸው። ከብቱ ከየበረቱ ሲጮህ ከተማዋ ለቅሶ ቤት መሰለች።

ለአባቴ ምሳ ይዤ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ሲተያዩ አየሁ፤ ከዚያ አባቴ ልጁን ጠርቶ ከኩይሳው ጀርባ ወሰደው። እኔ አገልግሌን ይዤ ከኩይሳው ማዶ ቆሜ እሰማለሁ።

«በቅሎዋን ያጠጣሃት አንተ ነህ?»

«አዎ አባባ። ግን መልሻታለሁ።»

«አውቃለሁ ልጄ። ቢሆንም እኔ ነኝ በል። ልጅ ነው ብለው ሁለት አለንጋ አሳርፈው ይለቁሃል። ሰዉም ወደ ውሃው ይሄዳል።»

«ሁለት ብቻ?»

«ሁለት ብቻ።»

ልጁ ሳቀ። «እናቴማ በቀን ሦስት ታቀምሰኛለች» አለ።

አባቴ ተመልሶ «ወፍ ነገረኝ» አለ፤ ልጁም «እኔ ነኝ» አለ። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ የጉድጓዱ ዘፈን እንደዚያ ደምቆ ሰምቼ አላውቅም። ከብቱ ጠጣ፣ ጥጃው ጠባ፣ እኛም ወተት ጠጣን። ልጁ ፖሊስ ጣቢያ አደረ።

ፍርድ ቤት ዕድሜው ተጠየቀ። የልደት ወረቀት የሚባል ነገር ማን ያውቃል! ጸሐፊው ሽቅብ አየውና አሥራ ስምንት ብሎ ጻፈ። አሥራ ሦስት ነበር። አባቴ ተነስቶ «ጌታዬ፣ ልጅ እኮ ነው» ቢል፣ ዳኛው «ሌባ ብላችሁ ያመጣችሁት እናንተ፣ የምትለምኑለትም እናንተ?» አሉት። አምስት ዓመት ተፈረደበት። እውነቱን ቢናገር መሐላ አፍራሽ ሊባል ነው፤ አባቴ ተቀመጠ።

በጭነት መኪና ሲወስዱት ልጁ ከላይ ሆኖ አባቴን በዓይኑ ፈለገው። «አባባ! ሁለት ብለውኝ አልነበረም?» ብሎ ጮኸ። ከዚያ አቧራው ሸፈነው።

በዓመቱ አንድ የቦሬ ነጋዴ መጥቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? በቅሎዋ ደጋ ናት። ሹሙ የገዟት ከዚያ ነበር፤ ናፍቋት በእግሯ ሄዳ የተወለደችበት ደጅ ቆማለች። የሸጣት ሰው ባለቤቷ እስኪመጣ እያበላ ይጠብቃል። አባቴ የስፌት መኪናውን ዘግቶ አቤት ሊል ሄደ። ሹሙ ተዛውረዋል፤ ፍርዱ ተፈርዷል። ሁለት ጊዜ ሄዶ ሁለት ጊዜ ባዶውን ተመለሰ።

ልጁ በአራተኛው ዓመት በምሕረት ተፈታ። «ምን አጥፍቼ ነው የማሩኝ?» አለኝ፣ ደጃችን ላይ ተቀምጦ። ጢሙ ማቆጥቆጥ ጀምሯል። ያ ሳቁ ግን አብሮት አልመጣም። ፊደል ይዞ መጥቷል፤ አብሮት የታሰረ አንድ መሪጌታ አስቆጥሮታል። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ይህን የምጽፍበትን ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው፣ በዚያ ቀይ አፈር ላይ፣ በጣቱ። «ሀ» ብሎ ይጽፋል፣ ዶሮ ትረግጠዋለች፣ እንደገና ይጽፋል። ከዕድሜዬ ሁሉ የሚናፍቀኝ ያ ወራት ነው።

ሰዉ ግን አልማረውም፤ የበቅሎዋን ወሬ ቢሰማም «ወፍ ነግሯል፤ ሰርቋት ነው ያመለጠችው» ይል ነበር። ገበያ ሲገባ አንዷ «ኧረ ቅርጫታችሁን ያዙ፣ የበቅሎው ጌታ መጣ!» ትላለች። እሱም «አይዞሽ እትዬ፣ ቅርጫትሽ አራት እግር የለውም» ይላል። ይሳቃል። ሳቁ ሲያልቅ ግን ቅርጫቱ እንደተያዘ ነው። ላም የሚሰጠው አጣ። የሚፈልገው ደግሞ ያንኑ ብቻ ነበር፤ ላሞቹን ወደ ውሃ መንዳት።

አንድ ቀን በረንዳው ላይ መጥቶ «አባባ፣ እኔ አለመሆኔን ለሰው ይንገሩልኝ» አለው።

«መሐላ አለብኝ ልጄ።»

ልጁ ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ አባቴ ስፌት ያበላሽ ጀመር፤ የሰው ኮት ላይ ሁለት ግራ እጅጌ ገጠመ። እናቴ እራት እያቀረበች፣ «መሐላው ለእግዜር ነው» አለችው። «እግዜር ደግሞ በቅሎዋ በየት በኩል እንደሄደች ያውቃል። እርስዎ የሚያፍሩት ከሰው ነው።» አባቴ እራቱን አልበላም።

በዚያው በጋ ከአንድ መጋዘን ቆርቆሮ ተሰረቀና አውጫጭኝ ተጠራ። እኔና እናቴ ከርቀት ቆመናል። ገና ሰው ተቀምጦ ሳያበቃ ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ዞረ። እሱ ከዳር ተቀምጦ መሬት ያያል። ዳግመኛ ከገባ እንደማይወጣ ሁላችንም አውቀናል። ሽማግሌ ሲመረጥ እንደ ልማዱ አባቴ ተጠራ።

ተነሳ፤ ወደ ሽማግሌዎቹ ቦታ ግን አልሄደም። መሃል ላይ ቆመ።

«ያን ጊዜ ወፍ አልነበረም» አለ። በአማርኛ ተናገረው፤ ደግሞ በኦሮምኛ ደገመው። «ማንም አልነገረኝም። ከብቱ ሲጮህ ጊዜ፣ ልጅ ነው ይለቁታል ብዬ ውሸቱን እኔ ፈጠርኩ። እሺ ያለኝ ስለሚያከብረኝ ነው። ሌባ ከፈለጋችሁ ሌባው እኔ ነኝ፤ አራት ዓመት ሰርቄዋለሁ።»

የስብሰባው ሊቀመንበር «አንተ ሰው፣ መሐላህን አፈረስክ!» ብሎ ቆጣ አለ።

«አፈረስኩ።»

ከሊበን የመጣ አንድ ሽማግሌ በዱላው ተደግፎ ተነሳና በኦሮምኛ «ብቻውን አታድርጉት» አለ። «የዚያን ቀን ውሃ ከብቱን ያላጠጣ ማነው? ሁላችንም ጠርጥረን ዝም ብለናል።»

የቆርቆሮው ሌባ አልተገኘም፤ ጉዳቱን አገሩ ተጋግዞ ካሰ። አባቴ ከዚያ ወዲህ ለሽምግልና ተጠርቶ አያውቅም። መሐላ ያፈረሰ ሰው ነዋ። ግራሩ ሥር ሰው ሲቀመጥ እሱ በረንዳው ላይ አንገቱን ደፍቶ ይሰፋል።

አባቴ በተናገረ በማግሥቱ ጠዋት ቅርጫት ያዙ ባይዋ ሴትዮ ሁለት ላሞቿን እየነዳች ወተት ሻጯ ደጅ ቆመች። «ተነስ እንጂ፣ ፀሐይ ወጣ!» ብላ ተጣራች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ሌሎችም ተከተሏት። እሱ ላሞቹን ሰብስቦ እኛ ደጅ ሲደርስ አባቴ አጥሩ ጋ ቆሟል።

«ገና አልታረቅኩዎትም፣ አባባ» አለው።

«አውቃለሁ።»

«ላሞቹን ግን ይስጡኝ።»

አባቴ በረቱን ሊከፍት ሲል ገመዱ እምቢ አለው። ልጁ ጠበቀው እንጂ አላገዘውም። ሲከፈት ላሞቻችንን ከሌሎቹ ቀላቅሎ ወደ ጉድጓዱ ነዳቸው።