«ና ዶክተር፣ ምስክር ሁን»

ታላቅ ወንድሜ የሥጋ ደዌ መድኃኒታቸውን፣ ዳፕሶንን፣ በየጠዋቱ ፊቴ ውጠው ባዶ አፋቸውን ያሳዩኝ ነበር። «ና ዶክተር፣ ምስክር ሁን» ይሉኛል።

የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ማንበብ የቻልኩ፣ የሰፈራችን የኤረር በር ሰው ሁሉ የመድኃኒት ወረቀት የሚያስነብበኝ ሰው ነኝ። ቆዳቸው ላይ የነበረው ነጣ ያለ ምልክት ሲጠፋ፣ «ጋሼ፣ ድነዋል፤ ይተዉት» አልኳቸው። አምነውኝ ተዉት። በሽታው ተመልሶ ሁለት ጣታቸውን አደነዘዘ። ነርሷ «ማን ያቁሙ አለዎት?» ስትላቸው፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ፣ «ራሴ» አሏት። የጠዋቱ ልማድ የተጀመረው በማግስቱ ነው።

ጋሼ ከሞቱ ወዲህ ያ የጠዋት ሰዓት ሲደርስ መቀመጥ አልችልም፤ እስከ ክፍላቸው በር ሄጄ እመለሳለሁ። እውነቱን ልነግራት ነርሷንም ፈለግኳት፤ ተዛውራለች አሉኝ። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው፤ መድኃኒቱን ያስቆምኳቸው እኔ ነኝ።