የወር ትኬት ወደ የረር

የመጨረሻዋ ተራ ቀን ማክሰኞ ነበረች። ተራ ቀን መሆኗን ያወቅኩት በኋላ ነው። ጠዋት ሱቁን ከፈትን፤ ያደሩትን ጆንያዎች በአሥር በአሥር አስረን በረንዳው ላይ ደረደርን፤ ከዚያ ወንድሜና እኔ ስለ ባቡር ትኬት መከራከር ጀመርን።

ሱቃችን እህል በረንዳ ነው። ያገለገለ ጆንያ እንገዛለን፣ እናራግፋለን፣ የተቀደደውን እንሰፋለን፣ መልሰን ለእህል ነጋዴዎች እንሸጣለን። ወንድሜ በአሥራ ሦስት ዓመት ስለሚበልጠኝ «ጋሼ» ነበር የምለው፤ «አንተ» እያልኩ ግን። እናትና አባታችን ካለፉ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክጨርስ አንድ ጆንያ እንዳራግፍ አልፈቀደልኝም። ራሱ ግን ሃያ ዓመት አራግፏል። ከጆንያ የሚወጣውን አቧራ ላላየው ሰው ማስረዳት ይከብደኛል። የጤፍ ብናኝ አለ፣ የበርበሬ አለ፣ ምን እንደሆነ የማይታወቅም አለ።

ደረቱን ያመው ነበር። አስም ነው ተብሏል። በአፍ የሚነፋው መድኃኒት ከኪሱ አይጠፋም። በቅርቡ ሐኪሙ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ከአቧራው ራቅ፣ ንጹሕ አየር ወዳለበት ሂድ ብሎት ነበር። ለእኛ ንጹሕ አየር ማለት የአክስታችን ቤት ነው። ከአያት ሰፈር አለፍ ብሎ ነው፤ በሩ ሲከፈት የረር ተራራ ፊት ለፊት ይታያል። ደውለን ነገርናት። ብርድ ልብሶቹን አጥቤ እጠብቃችኋለሁ አለች።

ስለዚህ መሄዱ ላይ ተስማምተን ነበር። ያልተስማማነው አካሄዱ ላይ ነው።

እኔ ያልኩት፣ ቅዳሜ ሱቁን ዘግተን አንድ ሳምንት ሙሉ እዚያው እንሰንብት ነው። እሱ ደግሞ ጣቢያው ላይ የወር ትኬት እንዳለ ሰምቷል፤ አንዴ ተከፍሎ ወሩን ሙሉ የሚያመላልስ። ጠዋት ሸጠን፣ ስድስት ሰዓት ላይ ዘግተን፣ ከሰዓት በኋላ ተራራው ሥር አየር ወስደን ሲመሽ እንመለስ አለ። በየቀኑ፣ ወሩን ሙሉ።

«ሱቅ ሳምንት ከተዘጋ ደንበኛው ሌላ በር ይለምዳል» አለ።

«ጋሼ፣ እኛ የሚያስፈልገን አንድ መሄጃ፣ አንድ መመለሻ ነው። የወሩ ኪሳራ ነው።»

«እኔ በሕይወቴ አንድ ነገር ለብቻው ገዝቼ አውቃለሁ?»

እውነቱን ነው። ቤታችን ሳሙና የሚገባው በካርቶን ነው፤ ክብሪት በደርዘን። አንዴ የጥርስ ቡርሽ ላምጣልህ ብሎ ወጥቶ ሁለት ደርዘን ይዞ ተመልሷል። አንድ ዕቃ ለብቻው የገዛ ቀን የተሸወደ ይመስለዋል።

«ትኬት ጆንያ አይደለም» አልኩት። «የተረፈህን ለሌላ አትሸጠውም።»

ምስርና ሽምብራ የሚሸጡት ጎረቤታችን ሐጂ ከበራቸው ላይ ሆነው ይሰሙን ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ተወው ይግዛ» አሉኝ። «ተራራው ዘንድ ሲደርስም በጅምላ ስንት ነው ማለቱ አይቀርም።»

«ለእርስዎም አንድ እጨምራለሁ፣ ሐጂ» አለ ወንድሜ።

«ኧረ ባክህ! እኔ የሱቄን ሁለት ደረጃ ለመውጣት ጉልበቴን እየለመንኩ ነው።»

ወንድሜ ሳቀ። ሳቁን ሳል ተከተለው። እስኪለቀው ድረስ ጆንያዎቹ ላይ ተቀመጠ። ሐጂም እኔም ጠበቅነው።

ከዚያ የካርቶን ቁራጭና እስክሪብቶ አነሣ።

«አንተ የተማርከው ነህ» አለኝ። «ከዚህ እስከ አክስቴ በር ስንት ሰዓት ይፈጃል? አንድ ሰዓት አካባቢ ከሆነ የእኔ ያዋጣል። ከሁለት ሰዓት ከበለጠ የአንተ።»

«ሁለት ሰዓት ተኩል» አልኩ።

በዚያ ባቡር እስከ መጨረሻው ሄጄ አላውቅም። አክስቴ ዘንድ ስንሄድ በታክሲ ነበር፣ እየቀያየርን። እንዲሁ ነው ያልኩት። ሳምንት ሙሉ እንዲያርፍ ፈልጌ ነው። እኔም ሳምንት ሙሉ ጆንያ ሳላይ መዋል ፈልጌ ነው። ሁለቱም እውነት ነው። የትኛው እንደሚበልጥ አሁንም አላውቅም።

ያልኩትን ካርቶኑ ላይ ጻፈው። ትንሽ አየውና፣

«እንግዲያው ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ እንዝጋና ሄደን እንለካው» አለ። «ሰዓት ይዘን።»

«ቅዳሜ እንሄድ የለ እንዴ?»

«ይሁን» አለ። «ቅዳሜ።»

ከሰዓት በኋላ አንድ መኪና ሙሉ ጆንያ መጣ። የዱቄት ነበር። ላራግፍ ስለው፣ ምሳህን ሳትበላ አትነካውም አለኝ። ሄጄ በላሁ። ስመለስ ግማሹን ጨርሶታል። ቅንድቡ ነጭ ሆኖ ነበር። «አረጀህ» አልኩት። «አንተ ነህ ያስረጀኸኝ» አለ።

ሊመሽ ሲል ደረቱ ያዘው። መድኃኒቱን ነፋ፤ ደገመ። ሐጂ መኪና አስቆሙ። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ስንደርስ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። እጄን ይዞኝ ነበር፤ ከዚያ አልያዘኝም። ሐኪም ቤት ደርሰናል። ሞክረዋል። ከዚህ በላይ ስለዚያ ምሽት መጻፍ አልችልም።

ሲነጋጋ የእድሩ ሰዎች ድንኳን ይተክሉ ነበር። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው ተባለ። ከዚያ በፊት አክስቴ መስማት ነበረባት። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም። ሐጂና ከፊት ለፊታችን ሱቅ ያላቸው እትዬ ለመሄድ ተነሡ። አንድ ሰው ኮንትራት ታክሲ ሊጠራላቸው ሲል፣

«እኔም እሄዳለሁ» አልኩ። «በባቡር እንሂድ።»

«ልጄ፣ አንተ ሐዘንተኛ ነህ» አሉ ሐጂ። «ቁጭ በል።»

«በባቡር እንሂድ፣ ሐጂ።»

አዩኝ። ከዚያ ከዘራቸውን አነሡ።

ከሱቁ በር ላይ ስንነሣ ስልኬን አየሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ። ጎጃም በረንዳ ጣቢያ ሄደን ሦስት ትኬት ቆረጥኩ። ባቡሩ ሥራ በሚገቡ ሰዎች ተሞልቶ ነበር። አንዲት ተማሪ ለሐጂ ተነሣችላቸው። እትዬ ጥቁር ሻሻቸውን ፌስታል ውስጥ ደብቀው ይዘውታል፤ አክስቴ በር ላይ ሲደርሱ ነው የሚያስሩት። ስታዲየም ወርደን የአያቱን ባቡር ስንጠብቅ ስልኬን አየሁ። ስንሳፈርም አየሁ።

«ምንድን ነው በየደቂቃው የምታየው?» አሉኝ ሐጂ።

«መንገዱን እየለካሁ ነው። አንድ ሰዓት ከሆነ የእሱ ያዋጣል። ሁለት ካለፈ የእኔ።»

ባቡሩ ቀጣዩ ጣቢያ ደረሰ። በሩ ተከፍቶ ሲዘጋ፣

«ታዲያ አሁን ስንት ሆነ?» አሉ።

«ገና ነን።»

ከዚያ በኋላ እሳቸውም የእጅ ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ።

አያት ወርደን አንድ አጭር ታክሲ ያዝን፤ የቀረውን በሐጂ እርምጃ በእግር ሄድን። አክስቴ በር ላይ ስንቆም አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ነበር። በሽማግሌ እርምጃ፣ የፈጀው አንድ ሰዓት ከሩብ። ስልኩን ለሐጂ አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

የእሱ ያዋጣ ነበር። ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ዘግተን ብንነሣ፣ የጆንያው መኪና ሲመጣ እኛ እዚህ ነበርን።

እትዬ ሻሻቸውን አሰሩ። ሐጂ በሩን አንኳኩ። እኔ ከኋላ ነበርኩ፤ አክስቴ ግን መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው።

«ቅዳሜ አላላችሁም እንዴ?» አለች። ደስ ብሏት ነበር። «ወንድምህስ?»

ከዚያ ሻሹን አየች።

«እህቴ፣ እስቲ ወደ ውስጥ እንግባ» አሏት ሐጂ።

እኔ አልገባሁም። ሁለቱ ብርድ ልብሶች ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ ነበሩ፤ ጤዛ ነክቷቸዋል። ከውስጥ ጩኸቷ ሲሰማ አንዱን አወረድኩ። ከዚያ ሁለተኛውን። አጣጥፌ በረንዳው ላይ አስቀመጥኳቸው። ተራራው እሷ እንደምትለው ልክ ፊት ለፊት ነበር። ብዙ አላየሁትም።

ስንመለስ እትዬ አክስቴን ደግፈው ያዙ፤ ሐጂ ከዘራቸውን ሰጧት። እኔ ቀድሜ ወደ ትኬት መስኮቱ ሄድኩ። ትኬት ሻጯ ልጅ ቀና ሳትል፣

«የወር ነው የአንድ ጉዞ?» አለችኝ።

«የአንድ ጉዞ» አልኩ። «አራት።»