መስኮቱ ላይ የተጻፈው

እትዬ ኦርዜላ ከአላባማ መጥተው ዲትሮይት፣ እኛ ሠፈር፣ ሃያ ዓመት የጥቁር ሴቶችን ፀጉር ሲተኩሱ ኖረዋል። በፈረንጆቹ 1967 ሐምሌ ፖሊሶች አንድ መጠጥ ቤት ሙሉ ሰው አፍሰው ሲወስዱ ሠፈሩ ገነፈለ፤ ወጣቶቹ የነጮችን ሱቅ ማቃጠል ጀመሩ። ድንገት የመጣ ቁጣ ነው የሚል ሰው እዚያ አልኖረም። ፖሊስ ልጆቻችንን በየማዕዘኑ ግድግዳ አስደግፎ ሲፈትሽ፣ የእትዬ ጎረቤት ነጩ ባለሱቅ የሸተተ ሥጋ በኮምጣጤ አጥቦ ሲሸጥልን ስንት ዓመታችን ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጫማ ሰፊው ሩፈስ ነጭ የጫማ ቀለም ይዞ መጣ።

«መስኮቱ ላይ ‹የጥቁር ሱቅ ነው› ብለው ይጻፉ፤ ሁሉም እየጻፈ ነው።»

«ሃያ ዓመት የእናታቸውን ፀጉር ስሠራ አያውቁኝም?»

«እናቶቹማ ያውቁዎታል። ክብሪት የያዙት ግን እናቶቹ አይደሉም።»

እየተነጫነጩ ጻፉ። የሥጋው ሱቅ ነደደ፤ የእሳቸው መስታወት እንኳ አልተሰነጠቀም።

ከዚያ ወዲያ ባለሱቅ ሁሉ ሸሸ። ሥጋ ለመግዛት ሁለት አውቶብስ መቀያየር ግድ ሆነ። እትዬ ግን ጽሑፉን ሳያጥቡ ሥራቸውን ቀጠሉ። በአራተኛው ዓመት ሠፈሩ ይታደሳል ተባለና የእሳቸውን ሱቅ የሚያፈርስ መኪና መጣ። ሹፌሩ የእኛው ሰው ነበር። እትዬ መስኮቱን በጣታቸው አሳዩት።

«አንብበው እስቲ።»

«አንብቤዋለሁ፣ እትዬ። ትእዛዙን የፈረሙት ግን እዚህ መጥተው አያውቁም።»

እትዬ ማበጠሪያቸውን ከሽርጣቸው ኪስ ከተቱ።

«ክብሪት የያዙት እንኳ ቆመው አንብበዋል» አሉት።