ተመላሹ ወታደር ሙቀትና ሥራን ሲማር

በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ ሐይቅ ከተማ ፊዚክስ አስተምር ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ በዕድሜ የሚጠጋኝ ተማሪ ነበረኝ፤ የአምባሰል ልጅ። ብሔራዊ ውትድርናውን ሰሜን ጨርሶ፣ የግራ እጁን ጣቶች አጥቶ ነው ትምህርቱን ካቆመበት የቀጠለው። መሐንዲስ መሆን ይፈልግ ነበር።

ያን ሰሞን የጋዝ ዑደት ላይ ደርሰናል። ቤተ ሙከራችን ባዶ ስለነበር የብስክሌት መንፊያ ተውሼ መጣሁ። አፉን በጣቴ ደፍኜ ደጋግሜ ገፋሁትና ቱቦው ሲሞቅ በተራ አስነካኋቸው። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ግፊትና ይዘትን የሚያሳይ አራት ማዕዘን ሣልሁ። ጋዙ ሙቀት ተቀብሎ ይሰፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይታመቃል፣ እንደገና ሞቆ ከተነሣበት ይደርሳል።

የአምባሰሉ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ግፊቱም ይዘቱም የሙቀት መጠኑም እንደነበረ ከሆነ የገባው ሙቀት የት ሄደ?»

«ከፊሉ ተመልሶ ወጣ፤ ቀሪው ሥራ ሆነ። የጋዙ የውስጥ ጉልበት አልተለወጠም። የተሠራው ሥራ በመስመሮቹ የታጠረው ስፋት ነው።»

«እና ለጋዙ ምንም አልተረፈውም?»

«ምንም።»

ክፍሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

ጋዙ ሲሰፋ ራሱ ሥራ እንደሚሠራ ቶሎ ገባው። ሲታመቅ ግን ሥራው በጋዙ ላይ ስለሚሠራ ምልክቱ መቀነስ መሆኑ አስቸገረው። ከትምህርት በኋላ እየቀረ ስሌቱን ሰሌዳው ላይ ደጋግሞ ይሞክር ነበር። አንድ ቀን ያለ እኔ እርዳታ ጨረሰውና «ወላሂ ገባኝ!» ብሎ ጠመኔውን ወረወረ። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ብዙም ሳይቆይ በገበያ ቀን አፈሳ ሆነ። እሱንም ወሰዱት። ወደ ቀበሌ ሮጥሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ ልጅ እኮ ግዳጁን ጨርሶ የተመለሰ ነው። እጁንም ይዩት።»

«አይቼዋለሁ። ኮታ አለብኝ፣ ጓድ መምህር። እሱን ብለቅ በምትኩ ማንን ልስጥ? ከክፍልህ ምረጥልኛ!»

ስወጣ የታፈሱትን መኪና ላይ ጭነዋቸዋል። ተማሪዬ ከላይ ሆኖ አየኝና «አብሽሩ ቲቸር፣ አይጨነቁ» አለኝ፤ እኔን ሊያጽናና። ቀጥሎም «ሙቀት ሳይገባ ሳይወጣ የሚሰፋውን ጋዝ ገና አልተማርነውም፣ አይደል?» ሲል ጠየቀኝ።

«ስትመለስ እናየዋለን» አልሁት። ሁለታችንም አላመንነውም። በማግሥቱ ያንኑ ትምህርት ለተረፉት አስተማርሁ።

መንግሥት ሲወድቅ የተበተነው ጦር ከወልድያ በኩል በእግሩ ይጎርፍ ጀመር፤ የተራበ፣ የቆሰለ። እናቱ ከአምባሰል ወርዳ አስፋልቱ ዳር ትቆም ነበር። «ልጄን አላያችሁትም? ግራ እጁ ጣት የለውም» ትላለች። አብሬያት ቆሜ ጠየቅሁ። ብዙዎቹ ቀና ብለው እንኳ አላዩንም።

እያደር መንገዱ ላይ የሚያልፈው ወታደር ሳሳ፤ በመጨረሻም ቀረ። እሷ ግን ከዚያም በኋላ ትመጣ ነበር። መምጣት ያቆመችው መቼ እንደሆነ አላስተዋልሁም።