በነጠላ የተሸፈነው ዕቃ

እናቴ የገበያ ዕለት ውሃ አትቀምስም ነበር። ከጋዝጊብላ ሰቆጣ ድረስ በእግሯ መጥታ፣ ቤቴ ገብታ አረፍ ስትል እንኳ ውሃ ስሰጣት በእጇ ትመልሰዋለች። ምክንያቱን ነግራኝ አታውቅም፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ። በኛ አገር ሴት ደጅ የምትወጣው ጎህ ሳይቀድ ወይም ሲጨልም ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይዛው ትውላለች። ወንዱማ አጥር ሥር ይቆማል፤ ማንም ምንም አይለውም።

የሚያንገበግበኝ ሥራዬ ነው። የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ሁለት ኩላሊት፣ ከነሱ የሚወርዱ ቀጫጭን ቱቦዎች፣ የሽንት ፊኛ፣ ከዚያም መውጫው። የሴቷ መውጫ አጭር ስለሆነ ባክቴሪያ ፊኛዋ ጋ ለመድረስ ብዙ አይቸገርም። ሽንት ተይዞ ሲቆይ እዚያው ይራባል፤ ዝም ከተባለ ሽቅብ ወደ ኩላሊት ይወጣል። ይህን ሁሉ ለሌሎች ሰዎች ልጆች በጠመኔ እየሣልኩ አስረዳለሁ። እናቴ ፊት ግን «ሽንት» የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም።

አንድ የገበያ ዕለት ቤቴ አድራ ጠዋት ወደ ጓሮ ስትመላለስ አየኋት። በተመለሰች ቁጥር ፊቷን ላብ አጥምቆታል። ስጠይቃት ወገቤን ነው፣ ምች ሳይመታኝ አልቀረም፣ ዳማከሴ ፈልግልኝ አለች። ነገሩ ገባኝ፤ በባጃጅ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ባለሙያው ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ሰጥቶ ሽንት ቤቱን አመለከታት። ዕቃውን ነጠላዋ ሥር ሸጉጣ ሄደች። ቆየች። ስትመለስ ዕቃው ሞልቷል፣ በነጠላዋም ሸፍናዋለች። ለባለሙያው ስታስረክብ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ውጤቱ ንጹሕ ነው ተባለ። ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። የወገብ ማስታገሻ ይዛ ወደ አገሯ ተመለሰች።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቶቿ በቃሬዛ አመጧት። ሰውነቷ ይነዳል፣ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። የሆስፒታሉ ሐኪም ኢንፌክሽኑ ከኩላሊቷ አልፎ ደሟ ውስጥ ገብቷል አለኝ። እንዴት ተደርጎ፣ ተመርምራ ነጻ ተብላ የለም ወይ ብዬ ጮህኩ። ያንን ክሊኒክ ያልሰደብኩት ስድብ የለም፤ እከሳለሁ ብዬም ዛትኩ። እናቴ ትሰማኝ ኖሯል። እጄን ስባ አስጎነበሰችኝ።

«ሰዎቹን አትስደብብኝ» አለች። «ያ ሽንት የኔ አይደለም። እዚያ አንዲት ልጅ አገኘሁ፣ የኛን ቋንቋ ኽምጣኛን ትሰማለች። ለምኛት ነው የሞላችልኝ። የኔማ ደም ነበረው።»

«ለምን እማ?»

«አንተ በር ላይ ቆመህ? ልጄ ፊት ያንን ደም ይዤ ልውጣ?»

መድኃኒቱን በደም ሥሯ ሰጧት፤ ጊዜው ግን አልፎ ነበር። በማግስቱ አረፈች። ለቅሶ ላይ በምን ሞተች እያሉ ሲጠይቁኝ፣ እኔው መምህሩ፣ በወገብ ሕመም አልኩ።

ዛሬም ያንን ምዕራፍ አስተምራለሁ። እዚያ ስደርስ ሴቶቹ ተማሪዎች አንገታቸውን ይደፋሉ። ድሮ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ያስፈራኛል። አንድ በአንድ እያስነሣሁ ቃሉን ጮክ ብለው እንዲሉት አደርጋለሁ፤ ወንዶቹ ሲስቁ እቆጣለሁ። ጨካኝ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ከእናቴ አፍ ያንን ቃል የሰማሁት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም የሷ እንዳልነበረ ስትነግረኝ።