ለሁለት የተቀደደው ደረሰኝ

እንደዚያ ሰሞን ፈርቼ አላውቅም። ፍርሃቱን ያመጣሁት ደግሞ እኔው ነኝ።

አክስቴ ከደምበጫ ወጣ ብሎ መሬታቸውን የእኩል እያሳረሱ ይኖራሉ። ባላቸው ካረፉ ወዲህ የባላቸው ወንድም መሬቱ የኔ ነው ብሎ ከሷቸው፣ ጉዳዩ ሰበር ደርሷል። አዲስ አበባ ያለው ጠበቃ ዋናውን የይዞታ ደብተር ካላየሁ አለ። እኔም ለሥራ ማመልከቻ ዲፕሎማዬን እዚያው ላለው ወንድሜ ልልክ ስለነበር፣ በአንድ ፖስታ እናድርገውና የሪኮማንዴውን፣ የአደራ ደብዳቤውን ሂሳብ እንካፈል፣ ደብተሩን ወንድሜ ለጠበቃው ያደርሰዋል አልኳቸው። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ።

እኔ በምኖርበት በደብረ ማርቆስ ፖስታ ቤት ከፍለን ስንወጣ አክስቴ የደረሰኙን ግማሽ ጠየቁኝ። ድርሻቸውን ሳይዙ ከአውድማ ተነስተው አያውቁም። ስቄ መሃል ለመሃል ቀድጄ ሰጠኋቸው።

በማግስቱ በግጭቱ ምክንያት የአዲስ አበባውም የደምበጫውም መንገድ ተዘጋ። ሳምንታት አልፈው ወንድሜ ምንም አልደረሰኝም ሲለኝ ወደ ፖስታ ቤት ሮጥኩ። የመስኮቷ ሠራተኛ ቁራጬን አገላብጣ አየችና ቁጥሩ ጎዶሎ ነው፣ ሌላውን ግማሽ አምጣ አለችኝ። ሌላው ግማሽ ያለው ደምበጫ ነው።

እንቅልፍ የነሳኝ የደብተሩ ነገር ብቻ አልነበረም። እኔ ፖስታው ውስጥ የከተትኩት ፎቶ ኮፒ ነው። ዋናው ዲፕሎማ ቢጠፋብኝስ ብዬ ፈርቼ እቤት ቆልፌበት ነበር፤ ይህን ፍርሃቴን ለአክስቴ አልነገርኳቸውም። ደብተሩ ከጠፋ እሳቸው መከራከሪያ የላቸውም፤ እኔ የማጣው አንድ ወረቀት ነው። ስልኬ በጮኸ ቁጥር እሳቸው እየመሰሉኝ እበረግግ ነበር።

መንገዱ የተከፈተ ዕለት በመጀመሪያው ሚኒባስ መጡ። ቁራጯን ደረሰኝ ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው መስኮቱ ላይ አኖሯት። ሠራተኛዋ ሁለቱን በፕላስተር አያይዛ ወደ ውስጥ ገባችና ቆየች። አክስቴ ያማትባሉ። ስትመለስ ፖስታው በእጇ ነው፤ በመንገዱ መዘጋት ምክንያት ከከተማው አልወጣም ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ ላብ አጠመቀኝ፤ አክስቴ አሁኑኑ ይከፈት ብለዋልና።

ፈርሜ ከፈትኩት። ደብተሩን አውጥተው ሳሙት። ቀጥለው የኔን ወረቀት አነሱ። ማንበብ አያውቁም፤ ማኅተም ግን ያውቃሉ፣ ስንት ዓመት ፍርድ ቤት የተመላለሱ ናቸው። ጥቁሩን ማኅተም በአውራ ጣታቸው አሹት።

«ይሄ ግልባጭ ነው» አሉ። «ዋናው አንተ ዘንድ ነው ያለው?»

አዎ አልኳቸው። አልተቆጡም። ደብተሩን ደረታቸው ውስጥ ከተቱና አዲስ አበባ ድረስ ራሴው አደርሰዋለሁ ብለው ወደ መናኸሪያ አቀኑ። ልከተላቸው ስል በእጃቸው መለሱኝ። በዚያ ሰሞን በዚያ መንገድ መሳፈር ምን ያህል እንደሚያስፈራ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ደብተሩን ለእኔ ከማመን ግን ያ ቀለላቸው።